ባለ ሦስት ቀለም ሻማና አንዱ ነበልባል



ሐምሌ 7 የቅድስት ሥላሴ በዓል ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ተቀብሎ ያስተናገደበት፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 የተጻፈው ታሪክ በዚህ ዕለት ይታሰባል። በዓሉ ሲቃረብ ልጆችን ስለ ሥላሴ ማስተማር የሚሻ ወላጅ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር በእጅ የሚዳሰስ፣ በዐይን የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ የሚሠራ የሰም ሻማ ለዚህ ይማርካል። በቤት ውስጥ ይሠራል፤ ብዙ ወጪ የለውም፤ ልጆችም ይወዱታል። ቀለሙ ሦስት፣ ሻማው አንድ ነውና «ይህ አብ፣ ይህ ወልድ፣ ይህ መንፈስ ቅዱስ፤ ሻማው ግን አንድ ነው» ብሎ ማስረዳት ቀላል ይመስላል።

እንዲህ ብላችሁ እንዳታስተምሩ እለምናችኋለሁ። ሻማውን ግን ሥሩት። በዚህ ሻማ ላይ ለምሥጢረ ሥላሴ የሚስማማ ምሳሌ አለ፤ ያለው ግን በቀለሞቹ ላይ አይደለም። ቀለሞቹም ቢሆኑ ከንቱ አይደሉም፤ የሚያስተምሩት ሌላ ትልቅ ነገር አላቸው። ምኑ ለምን እንደሚሆን ሻማውን እየሠራን ቀስ ብለን እንየው። ሰም ለመቅለጥም ለመርጋትም ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዱ ቀለም እስኪረጋ ባለው ፋታ ልጆች ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ትምህርቱንም በዚያ ፋታ ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ ሰሙ። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ሰም ማለት ነው። እሱም ይሠራል፤ እኔ ግን የንብ ሰም እንድትጠቀሙ እመክራለሁ። አገራችን በንብ ሰም ምርት በዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት መካከል ስለሆነች ሰሙ ከደጃችን አይርቅም። ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ከማሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ከእነርሱ መግዛት ይቻላል። ሰፈፉን ከብዙ ውኃ ጋር በድስት አድርጋችሁ በለስላሳ እሳት አቅልጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉትና ሳትነካኩ አሳድሩት። ሰም ከውኃ ስለሚቀል ጠዋት ከላይ ረግቶ ይገኛል። ሲገለበጥ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ተጣብቆበታል፤ እሱን በቢላ ፍቃችሁ ጣሉ። በአንድ ጊዜ ካልጠራ ይደገማል። ተጣርቶ የተዘጋጀ ሰም የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሰብራችሁ እዩት። የንጹሕ ሰም ስብራት ፈዛዛና ሻካራ ነው፤ የማር ሽታም አለው። ጣት ላይ ቅባት የሚተው ከሆነ ሞራ ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ትልቅ ድስት ውስጥ ውኃ አድርጉና ሰሙን በጣሳ አድርጋችሁ ከውኃው መካከል አስቀምጡ፤ ጣሳው የድስቱን መቀመጫ እንዳይነካ ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ከ85 ዲግሪ በላይ ከሞቀ መልኩ ይጠቁራል፤ ደስ የሚለው መዓዛውም ይበላሻል። ለመቅዳት 70 ወይም 75 ዲግሪ ይበቃል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ሰሙ ፈጽሞ ቀልጦ ጥርት ሲል ከእሳት አውርዶ ጥቂት ያሳርፈው፤ በጣሳው ጠርዝ ዙሪያ ስስ ቆዳ ማበጀት ሲጀምር ለመቅዳት ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፦ ሰም ቢቀጣጠል ውኃ በፍጹም አይደፋበትም። ውኃው በቅጽበት ይተንና የሚነደውን ሰም ወደ ፊታችሁ ይረጨዋል። ምድጃው ይጥፋ፣ ክዳን ይከደንበት፣ እስኪበርድም ማንም አይንካው። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ቤት ዘግታችሁ አይሁን፤ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ሥሩ። ማቅለጥና መቅዳት የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ልጆች ፈትሉን ይጎንጉኑ፣ ቀለም ይምረጡ፣ እርሳሱን ይያዙ።

ቀለምን በተመለከተ፣ ለምግብ የሚሆነው ፈሳሽ ቀለም በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ ከሰም ጋር አይዋሐድም፤ ከታች ይዘቅጣል። ለሻማ ተብሎ የሚሸጥ፣ በሰም ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘ የልጆች ክራዮን ተፍቆ በጥቂቱ ይጨመራል። ሲበዛ ግን የቀለሙ ብናኝ ፈትሉን ይደፍነዋል፤ የቀለጠው ሰም ወደ ላይ መሳብ ያቅተውና ነበልባሉ እየጫጨ ይጠፋል። የንብ ሰም በራሱ ቢጫ ስለሆነ ለቢጫው ቀለም መጨመር አያስፈልግም። ሰማያዊ የጨመረበት ሰውም አረንጓዴ ነገር እንደሚወጣለት አስቀድሞ ይወቅ። ስለዚህ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለንብ ሰም የተመቹ ቀለሞች ናቸው።

ፈትሉ ጥጥ ይሁን። ሦስት ክር ተጎንጉኖ በቀለጠ ሰም ይነከራል፤ ከዚያ ተወጥሮ ይደርቃል። ከቀጠነ ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ይሰጥማል፤ ከወፈረ ይጨሳል። ትክክለኛው ውፍረት የሚገኘው በትንሽ ሻማ ሞክሮ ነው።

ሰሙ የሚረጋበት ዕቃ የወተት ወይም የጭማቂ ካርቶን ቢሆን ይመረጣል፤ በመጨረሻ ተቀዶ ይወገዳል። የካርቶኑን ታች በመርፌ ብሱና ፈትሉን አሳልፋችሁ ከውጭ ቋጥሩት፤ ቀዳዳውን በለሰለሰ ሰም ድፈኑ። ከላይ እርሳስ አጋድማችሁ ፈትሉን ጠምጥሙበት፤ ቀጥ ብሎ መካከል ለመካከል መቆም አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻማው ከካርቶኑ ሲወጣ ይገለበጣል። መጀመሪያ የተቀዳው ቀለም ላይ ይሆናል፤ ቀድሞ የሚነደውም እሱ ነው። በብርጭቆ ውስጥ እንዳለ የሚበራ ሻማ የምትሠሩ ከሆነ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ የተቀዳው መጨረሻ ይነዳል። ቅደም ተከተሉ ለትምህርቱ ስለሚያስፈልገን አስባችሁ ቅዱ። እኛ በካርቶኑ መጀመሪያ አረንጓዴውን እንቀዳለን፤ ቁመቱ ሁለት ጣት ያህል ይበቃዋል።

አሁን መጠበቅ ነው። ፊቱ እስኪረጋ፣ ነገር ግን ፈጽሞ ሳይበርድ። በጣት ሲነካ ሰም ወደ ጣት የማይመጣ፣ ጫን ሲሉት ግን ጎድጎድ የሚልና ለብ ያለ ሲሆን ሁለተኛው ይቀዳል። ሳይረጋ ከተቸኮለ ቀለሞቹ ይደባለቃሉ። ከበረደ በኋላ ከተቀዳ ደግሞ አይያያዙም፤ ሻማው ደርቆ ጥቂት ሲመታ በመጋጠሚያው ላይ ይለያያል።

ልጆቹን ስለዚህ መጋጠሚያ ጠይቋቸው። አረንጓዴው ስንተኛው የሻማው ክፍል ነው? ሲሶው ነው ይላሉ። ቢላ ብናስገባስ? ይለያያል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ምን ይላል? ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥላሴ ነው። ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት ናቸው፤ በባሕርይ፣ በህልውና፣ በሥልጣን፣ በፈቃድ አንድ ናቸው። በግብር አብ ወላዲና አሥራጺ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ ነው። ለእያንዳንዱ ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ፣ ፍጹም አካል አለው። ስለዚህ አብ የመለኮት ሲሶ አይደለም፤ ፍጹም አምላክ ነው። ወልድም ፍጹም አምላክ ነው፤ መንፈስ ቅዱስም ፍጹም አምላክ ነው። ይህም ሆኖ ሦስት አማልክት አንልም፤ ባሕርያቸው አንድ፣ መለኮታቸው አንድ ነውና። ሦስቱ ተደምረው አንድ አምላክ የሚሞሉ ቁርጥራጮች አይደሉም። የሰሙ ቀለሞች ግን አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀው አንዱን ሻማ የሚሞሉ ቁርጥራጮች ናቸው። እንግዲህ ልጁን «አረንጓዴው አብ ነው» ብለን ካስተማርነው፣ ሳናስበው አምላክ የሚከፋፈል ነው ብለን አስተማርነው ማለት ነው።

አረንጓዴው ረግቷል። ምንም ቀለም ያልገባበትን ቢጫ ሰም በዝግታ፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ እያወረዳችሁ ቅዱ። ከከፍታ በኃይል ከተንቆረቆረ የታችኛውን ይቦረቡረዋል።

በሁለተኛው ፋታ ስለ ሰባልዮስ እንነግራቸዋለን። ሰባልዮስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሮም ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ትምህርቱ አንዱ አካል በተለያየ ጊዜ በተለያየ ስም ተገለጠ የሚል ነበር፤ አንድ ጊዜ አብ፣ ሌላ ጊዜ ወልድ፣ በኋላም መንፈስ ቅዱስ ተባለ ይላል። የሦስትነቱ ምሥጢር ለእርሱ የስም ለውጥ ብቻ ነበር። አሁን ሻማችን ሲበራ የሚሆነውን አስቡ። መጀመሪያ አረንጓዴው ይነዳል፤ እሱ ሲያልቅ ቢጫው ይተካል፤ ቢጫው ሲያልቅ ቀዩ ይቀጥላል። አንዱ ሲመጣ ሌላው የለም። ይህን ለሥላሴ ምሳሌ ያደረገ መምህር፣ ቃሉ ምንም ያህል የቀና ቢሆን፣ በልጁ ዐይን ፊት ያቆመው የሰባልዮስን ትምህርት ነው። ልጅ ደግሞ ከሰማው ይልቅ ያየውን ይይዛል።

መልሱን ከዮርዳኖስ እናገኘዋለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 መጨረሻ ወልድ በውኃው ውስጥ ቆሞ ይጠመቃል፤ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርድበታል፤ የአብ ድምፅ ከሰማይ ይሰማል። በአንዲት ሰዓት፣ በአንድ ስፍራ ሦስቱም ተገለጡ። አንዱ ሌላውን አልተካም፤ አንዱ ሌላውን መስሎ አልመጣም። በየዓመቱ ጥር 11 የምናከብረው በዓል የመገለጥ በዓል የተባለው ስለዚህም ነው። ልጆች ጥምቀትን ያውቁታል፤ ታቦት ሸኝተዋል፣ ጠበል ተረጭተዋል። ስለዚህ «በዮርዳኖስ ማን ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቆጥረው ሲመልሱ ሰባልዮስ የተሳሳተበትን ራሳቸው ያገኙታል።

ቀዩን እንቅዳ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥበቃ ረዥም ነው፤ ሻማው በራሱ ጊዜ በዝግታ ይቀዝቅዝ። ቶሎ እንዲረጋ ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ይሰነጥቀዋል። ሰም ሲረጋ ይኮማተራል፤ በፈትሉ ዙሪያ ጉድጓድ ብታዩ አትደንግጡ፤ ከቀይ ሰም ጥቂት አስቀርታችሁ ሙሉት።

ሦስተኛው ነገር አጭር ነው። ልጆቹ በላይና በታች ያለውን ያያሉ። የላይኛው የበላይ፣ የታችኛው የበታች ይመስላቸዋል፤ ይህም ወደ አርዮስ ያደርሳል። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ በማስተማሩ 318ቱ አባቶች በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ተሰብስበው አወገዙት። መንፈስ ቅዱስን ያሳነሰውን መቅዶንዮስን ደግሞ 150 አባቶች በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ አወገዙት። በሥላሴ ዘንድ ቀዳሚና ተከታይ፣ ታላቅና ታናሽ የለም። የአገራችን ሠዓሊዎች ይህን እንዴት እንደጠበቁት ለልጆች ማሳየት ትችላላችሁ። አፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ባሠሩት በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከስቅለቱ ሥዕል በላይ፣ ሦስቱ አካላት ተሥለዋል፤ ፊታቸው አንድ ዐይነት፣ ጽሕማቸው አንድ ዐይነት ነው። ማን ማን እንደሆነ በመልክ ለመለየት የሚሞክር ሰው አይሳካለትም። ሠዓሊው ቀለም አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ያ ቤተ ክርስቲያን ከወለሉ እስከ ጣሪያው በቀለም የተሞላ ነው።

ካርቶኑን ቅደዱ፤ ሻማውን ገልብጣችሁ አቁሙት። ፈትሉን ወደ ግማሽ ጣት አሳጥሩና ለኩሱት።

ሊቃውንቱ ያስተማሩን ምሳሌ ይኸው፣ ነበልባሉ ላይ ነው። እሳት አካል አለው፣ ብርሃን አለው፣ ሙቀት አለው። ልጁ ብርሃኑን በዐይኑ ያየዋል፤ ሙቀቱን ራቅ ባደረገው መዳፉ ያውቀዋል። ብርሃኑ ሙቀቱ አይደለም፤ ሙቀቱም ብርሃኑ አይደለም። ሆኖም ሦስት እሳት አላየንም፤ አንድ እሳት ነው። ነበልባሉ በተለኮሰባት ቅጽበት ብርሃኑም ሙቀቱም አብረው አሉ። «እሳቱ ብርሃን ሳይኖረው የቆየበት ጊዜ አይታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም። እንዲሁ አብ ያለ ወልድ፣ ያለ መንፈስ ቅዱስ የነበረበት ጊዜ የለም። የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት የሚጠቅሰው ምሳሌም ይህንኑ ይናገራል።

ከዚያ ሌላ ያልበራ ጧፍ አምጡና ከሻማው ለኩሱት። የመጀመሪያው ነበልባል አልጎደለም። ይህ ምሳሌ እጅግ ጥንታዊ ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአይሁዳዊው ከትሪፎን ጋር ስላደረገው ክርክር ሲጽፍ፣ እሳት ከእሳት ሲለኮስ የመጀመሪያው እንደማይቀንስ ጠቅሶ ወልድ ከአብ በመወለዱ አብ እንዳልተከፈለ አስረድቷል። አርዮስ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለእለ እስክንድሮስ በላከው ደብዳቤ መብራት ከመብራት የሚለውን ምሳሌ በስም ጠርቶ አልተቀበለውም። የኒቅያ አባቶች ግን በጸሎተ ሃይማኖት ወልድን ከብርሃን የተገኘ ብርሃን ብለው መሰከሩለት። በዚያ ጉባኤ ዲያቆን ሆኖ የተገኘው አትናቴዎስ በኋላ በእስክንድርያ መንበር ተቀምጦ ለአክሱም ጳጳስ ሾመ፤ እርሱም እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስ ነው። የአርዮስን ወገን የደገፈው ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ በ356 ዓ.ም. አካባቢ ለአክሱም ገዢዎች ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ አርዮሳዊው ጳጳስ ጊዮርጊስ እንዲመረምረው ጠይቆ ነበር። የደብዳቤው ቃል በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ዛሬም ይነበባል። ኢትዮጵያ ግን በአትናቴዎስ ትምህርት ጸናች። ስለዚህ ልጃችን ጧፍ ከጧፍ ሲለኩስ የሚማረው፣ ወደ አገራችን ክርስትና ከገባበት ዘመን ጀምሮ የተያዘውን ሃይማኖት ነው።

ለዚህም ምሳሌ ቢሆን ወሰኑን ንገሯቸው። ሊቃውንት ምሳሌ ዘየሐጽጽ ይላሉ፤ ምሳሌው ከአማናዊው ያንሳል ማለት ነው። ጧፉ ከተለኮሰ በኋላ ሁለት የተለያዩ ነበልባሎች አሉን፤ አብና ወልድ ግን አይለያዩም። ብርሃንና ሙቀት በራሳቸው የቆሙ አካላት አይደሉም፤ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ግን ፍጹም አካል አላቸው። እሳት ሰም ይፈልጋል፣ ይጠፋል፤ እግዚአብሔር ምንም አይሻም፣ አይለወጥም። ልጆች ይህን አይረዱም ብላችሁ አትለፉት። ምሳሌው የት ላይ እንደሚቆም የተነገረው ልጅ፣ ካደገ በኋላ ሌላ ሰው በምሳሌው ድካም ሊያናውጠው ሲሞክር አይደናገጥም።

ታዲያ ሦስቱን ቀለሞች ለምን ሠራናቸው? በተራ የሚመጡ ነገሮችን ለማስተማር ነው። አባቶቻችን የሰውን ዘመን በሦስት ሕግ ይከፍሉታል፤ ሕገ ልቦና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል። ከአዳም እስከ ሙሴ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ሄኖክም ኖኅም አብርሃምም በልቡናቸው ሕግ እግዚአብሔርን ደስ አሰኙት። ከላይ ያለው አረንጓዴ ይህ ዘመን ነው፤ ርግቢቱ ለኖኅ ያመጣችለትን የወይራ ቅጠል፣ አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበትንም ዛፍ አስታውሱበት። ቢጫው ኦሪት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 የታዘዘው ባለ ሰባት መብራት መቅረዝ ከአንድ ወጥ ወርቅ የተሠራ ነበር፤ ታቦቱም በወርቅ የተለበጠ። ቀዩ ወንጌል ነው፤ በመስቀል ላይ የፈሰሰው ደም። ለቀለሞቹ ይህን ትርጉም የሰጠሁት ለማስተማር እንዲመች እኔ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ድንጋጌ ነው ተብሎ እንዳይያዝ አደራ።

ነበልባሉ ከአረንጓዴው ወደ ቢጫው ሲሻገር ልጆቹ ቀርበው ይመልከቱ። ድንበሩ ላይ የቀለጠው አረንጓዴ ሰም ኩሬ ሠርቶ ይቆያል፤ ከሥሩ ቢጫው መቅለጥ ይጀምርና ወደ ኩሬው ይገባል፤ ጠርዙ ላይ አዲስ የበቀለ ሣር የሚመስል መልክ ይታያል። አረንጓዴው አልተጣለም፤ በቢጫው ውስጥ አለ። ጥቂቱም በጎን ይወርድና ቢጫውን አልፎ ቀዩ ላይ ይረጋል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 17 ሕግንና ነቢያትን ሊፈጽም እንጂ ሊሽር እንዳልመጣ የተናገረውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። በሦስቱም ቀለም ውስጥ ከላይ እስከ ታች ያልተቆረጠ አንድ ፈትል እንዳለም አሳዩአቸው። ይህ ለአዳም የተሰጠው ተስፋ ነው። ከ5500 ዘመን በኋላ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው እግዚአብሔር የገባለት ኪዳን በኖኅ፣ በአብርሃም፣ በሙሴና በነቢያት በኩል እያለፈ እስከ ቤተልሔም ደረሰ። የሚበራውም በሦስቱም ዘመን አንዱ እሳት ነው፤ ዘመናት ተለዋወጡ፣ አምላክ አልተለወጠም።

ሻማውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘን እንሂድ ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የእኔ ምክር ይህ ሻማ በቤት ይቅር ነው፤ ልጆች በጸሎት ሰዓት ወይም ስለ በዓሉ ሲነገራቸው ያብሩት። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የለመድነው ጧፍ ነው፤ ቀለም ያልገባበት ሰም፣ በጥጥ ፈትል ላይ። መብራት በቤተ መቅደስ ጌጥ ወይም የጨለማ ማስወገጃ ብቻ አይደለም። ሊቁ ሄሮኒሞስ በ406 ዓ.ም. ገደማ ሲጽፍ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ወንጌል ሲነበብ ፀሐይ እያለም መብራት እንደሚበራ፣ ይህም ደስታን ለመግለጽ እንደሆነ መስክሯል። ጧፉ ሲነድ የሚያልቅ መሥዋዕት ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ይሁን፤ ሞራ የተቀላቀለበትን ሰም እያወቁ ለስለት መስጠት አይገባም። ለየት ያለ ነገር ማስገባት የፈለገ ሰው አስቀድሞ የደብሩን ገበዝ ይጠይቅ።

ደግሞም ለዚህ ሥራ ብላችሁ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የጧፍ ቁራጭ ለቅማችሁ እንዳታቀልጡ። በሐዋርያት ስም በሚጠራው ቀኖና ሰም ወይም ዘይት ከቤተ ክርስቲያን የወሰደ፣ ካህንም ይሁን ምእመን፣ ይለያል፤ የወሰደውንም አንድ አምስተኛ ጨምሮ ይመልሳል። ልጆች መሬት የወደቀ ጧፍ ሲያዩ ማንሣት ይወዳሉ፤ አንሥተው ለዕቃ ቤቱ እንዲሰጡ አስለምዷቸው። ከቤታችሁ ሻማ የተረፈውን ሰም ግን እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ አስቀምጡ፤ ለጥር ሥላሴ እንደገና ይቀልጣል። የተደባለቀው ቡናማ ስለሚሆን ለከሰል ማቀጣጠያ ይሁን፤ ፈትል ለመንከር አይጠቅምም።